ከሰማንያ ሁለት ቀጥሎ ሰማንያ አራት

ብሬንትፎርድ፣ ለንደን
ኤፕሪል 11 ቀን 1987

ውድ አምብሮዝ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ጉልበትህስ? መልስ ሳልጽፍልህ ሦስት ሳምንት በማለፉ ይቅርታ አድርግልኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው ብዬ አልዋሽህም፤ ሁለተኛውን ጥያቄህን ሳነብ ተናድጄ ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት። አዎ፣ ስድሳ አንድ ዓመቴ ነው። አዎ፣ ብስክሌቱን እኔ ራሴ እነዳለሁ። መነሻው ላይ ባንዲራ ይዤ የማጨበጭብ መስሎህ ከሆነ የሚስትህን እህት አታውቃትም ማለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጁን 20 ቀን፣ ጎህ ሲቀድ ከበርሚንግሃም ተነስተን፣ የጀልባ ቦዩን ዳር ዳር ይዘን፣ ጀንበር ሳትጠልቅ ለንደን እንገባለን። መቶ አርባ አምስት ማይል በአንድ ቀን። እስካሁን አርባ አንድ ሰው ተመዝግቧል፤ ግማሹ ነርስ ነው፣ አንድ ቄስም አለ። የሚገኘው ገንዘብ ሁሉ እህቴ ላቪኒያ ላረፈችበት ለዊሎውሚድ የሕሙማን ማረፊያ ይውላል። ካልሞላላቸው ከክረምት በፊት ይዘጋሉ። ላቪኒያ እዚያ መስኮቱ ስር ተኝታ እጄን ይዛ "ይህን ቤት እንዳታስዘጊው" ብላኛለች፤ እኔም እሺ ብያታለሁ። እንግዲህ እሺ ያልኩትን ላድርግ።

የመንገዱን ካርድ በጽሕፈት መኪና መትቼ ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። ሻይ የሚቀርብባቸው ቦታዎች በድልድይ ቁጥር ተጽፈዋል። ያንተ ክፍል ከ78 እስከ 90 ያለው ነው። እንደ ቦይ ሰው ተመልከተውና ስህተት ካለ ንገረኝ። በ25ኛው፣ ቅዳሜ፣ ያንን ክፍል ብቻዬን ነድቼ ልሞክረው እመጣለሁ።

ዊኒ


ስቶክሆሎው
ኤፕሪል 17 ቀን 1987

ውድ ዊኒ፣

መቶ አርባ አምስት ማይል! አንቺ ሴት፣ ጤና የለሽም። ባለፈው ዓመት ከቤትሽ እስከ ገበያ ነድተሽ ሁለት ቀን ወገቤን ወገቤን ያልሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ? ቄሱን ማስመዝገብሽ ግን ጥሩ ነው፤ ለፍትሐት ሌላ ሰው ፍለጋ አትሄዱም።

ጉልበቴን ጠይቀሻል። ሲበርድ ያጉረመርማል፣ ሲሞቅ ዝም ይላል። ላቪኒያ ከሞተች ወዲህ ይህ የውኃ በር ባይኖር ምን እሠራ እንደነበር አላውቅም። ጀልባ ከላይ ይመጣል፤ የላይኛውን መዝጊያ ዘግቼ ውኃውን አጎድላለሁ፣ የታችኛውን እከፍታለሁ፣ ጀልባው ዝቅ ብሎ ይሄዳል። ሰዎቹ እጃቸውን ያውለበልባሉ። ከዚያ ደግሞ ሌላ ይመጣል። ለጡረተኛ ይህ በቂ ነው።

ካርድሽን አይቼዋለሁ፤ ምንም ስህተት የለበትም። የቦይ ዳር መንገድ አስፋልት እንዳልሆነ ብቻ ለሰዎችሽ ንገሪያቸው። የዛፍ ሥር አለ፣ እሾህ አለ፣ የዝይ ኩስ አለ፤ እያንዳንዱ ሁለት ትርፍ ካላማዳሪያ ይያዝ። ድልድይ ስር ከመግባታቸው በፊትም ደወላቸውን ሁለት ጊዜ ይደውሉ። ከወዲያ የሚመጣው አይታይም፤ እኔ ደግሞ ውኃ ውስጥ የገባ ሰው ማውጣት ሰልችቶኛል።

ቅዳሜ ስትመጪ ስለማልገኝ ይቅርታ። ጥርስ ለማስነቀል ቀጠሮ አለኝ፤ ላዛውረው ብሞክር ሐኪሙ እምቢ አለ። የቤቱ ቁልፍ ከአበባው ማሰሮ ስር ነው። ኬክ ቁም ሣጥን ውስጥ ትቼልሻለሁ፤ የጋገርኩት እኔ አይደለሁምና አትፍሪ።

አምብሮዝ


ብሬንትፎርድ
ኤፕሪል 26 ቀን 1987

ውድ አምብሮዝ፣

መንጋጋህ እንዴት ነው? በመምጠጫ ሾርባ ስትጠጣ ታይተኸኝ ስቄብሃለሁ፣ ይቅር በለኝ። ኬኩን ግማሹን ጨርሼዋለሁ።

ሙከራው ከጠበቅሁት በላይ ሄደልኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ወደቅሁ፣ እሱንም ያየኝ ላም ብቻ ነው። በተለይ ላመሰግንህ የምፈልገው ግን 83 ላይ ስላቆምካት ሴትዮ ነው። ከጉዞው ሁለት ወር አስቀድመህ ሻይ ታስቀርባለህ ብዬ በጭራሽ አላሰብኩም ነበር! ድልድዩ ዝቅ ያለ የጡብ ድልድይ ነው፤ ቁጥሩ አልተለጠፈበትም፣ ግን ከ82 ቀጥሎ ስለደረስኩበት 83 መሆኑን አወቅሁ። ጥቁር ቆብ አድርጋ ዳሩ ላይ ቆማለች። የቀሚሷ ጠርዝ ርሷል፤ ሳምንቱን ሙሉ ግን ጠብታ አልዘነበም።

"ከላይ ነው የመጡት፣ እመቤቴ?" አለችኝ ኩባያ እየሰጠችኝ።

"አዎ፣ ከላይ ነው።"

"በሩ ተዘጋጅቷል ወይ?"

"የቱ በር?"

"የታችኛው ነዋ! በሩ ካልተዘጋጀ እኔ በምን እወርዳለሁ?"

ያንተን በር ማለቷ መሰለኝ። ፊቷ ላይ የነበረውን ጭንቀት ብታይ አንተም ታዝንላት ነበር። "አይጨነቁ፣ እኔ ቀድሜ ሄጄ አየዋለሁ" አልኳት። ሌላ ምን ይባላል? ትኩር ብላ አይታኝ "እውነትዎን ነው?" አለች። "እውነቴን ነው" አልኳት። ከመታጠቂያዋ የበር ማዞሪያ፣ ያቺን የውኃ በር የምትከፍቱባትን ቆልመም ያለች ብረት አውጥታ እጄ ላይ አኖረችልኝ። እንዴት እንደምትከብድ!

አንተ ቤት ስደርስ በሩ ተዘግቷል፣ ውኃው ዝቅ ብሏል፤ እኔ ደግሞ ማዞሩን አላውቅበትም። ማዞሪያዋን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ቀጠልኩ። ያንተ ናት ብዬ ነበር፣ ግን ያንተን በርህ ላይ ተሰቅላ አየኋት። ለሴትዮዋ እንድልክላት ስሟንና አድራሻዋን ጻፍልኝ። ከየት አገኘሃት? ሻይዋ ግን፣ አትንገርብኝና፣ ቀዝቃዛና ኩሬ ኩሬ የሚል ነው። ለይሉኝታ ጨለጥኩት።

ዊኒ


ስቶክሆሎው
ኤፕሪል 29 ቀን 1987

ውድ ዊኒ፣

ደብዳቤሽ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ። ስለ ኬኩ ደስ ብሎኛል። እዚህ አየሩ ጥሩ ነው፤ ዳክዬዎቹ ጫጩት አወጡ።

ሁለት ነገር ልጠይቅሽ፣ በፖስታ መልሽልኝ፤ በስልክ አይሁን። ሻዩን እስከ መጨረሻው ነው የጠጣሽው ወይስ ደፋሽው? ደግሞ ያልሻትን ቃል በቃል ጻፊልኝ። "ይዘጋጃል" ነው ያልሽው ወይስ "እኔ አየዋለሁ"?

ማዞሪያዋን ለማንም አትስጪ። የሴትዮዋን አድራሻ ለጊዜው አላገኘሁትም።

አምብሮዝ


ብሬንትፎርድ
ሜይ 6 ቀን 1987

አምብሮዝ፣

መርማሪ ፖሊስ ሆነሃል እንዴ? እሺ፣ መልሱ ይኸው፦ እስከ አተላው ጠጥቻለሁ። ያልኳትም "እኔ ቀድሜ ሄጄ አየዋለሁ" ነው፤ ባለፈው የጻፍኩልህ ቃል በቃል ነው። አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅህ። ለምንድን ነው እንዲህ የምትሆነው?

የምጠይቅህ አለምክንያት አይደለም። ሳሎን በር አጠገብ የማቆመውን ብስክሌቴን በየጠዋቱ ጎማው በጭቃ ተለውሶ አገኘዋለሁ። መጀመሪያ የጎረቤቱ ሰው ያለፈቃዴ ወስዶት ነው ብዬ ሄጄ ተቆጣሁት፤ ምስኪኑ ብስክሌት መንዳትም አያውቅም። ጭቃው እዚህ አካባቢ የሚገኝ አይደለም፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ፣ ሸክላ ሠሪ የሚያቦካው ዓይነት ነው። የብስክሌቱ ርቀት መቁጠሪያ እሁድ ሌሊቱን ስድስት ማይል ጨምራ ነበር። ማክሰኞ አሥራ አንድ። ዛሬ አሥራ አራት። በሬ ከውስጥ እንደተቀረቀረ ነው።

እኔ አልጋዬ ላይ ነው የምነቃው። ጭኔ ግን ዝሏል።

ዊኒ


ስቶክሆሎው
ሜይ 11 ቀን 1987

ውድ ዊኒ፣

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ተቀምጠሽ አንብቢው።

ድልድይ 83 የሚባል የለም። መንገዱን ሲያሰፉ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት፣ አፈረሱት፤ ቁጥሩንም ለሌላ ድልድይ አልሰጡትም። ከ82 ቀጥሎ 84 ነው። የቦይ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። ወጥ ቤቷ ውስጥ ተቀምጣ ቁጥር በተርታ እየመታች ሻይ 83 ላይ ነው የምትል የለንደን ሴት ግን ከየት ታውቃለች? እኔን ነበር የጠየቅሽኝ። እኔ ደግሞ መነጽሬን ለመፈለግ ሰንፌ፣ ካርዱን ሳላነብ "ምንም ስህተት የለበትም" ብዬ ጻፍኩልሽ። ጥፋቱ የእኔ ነው።

እኔ ማንንም ሻይ እንድታቀርብ አላቆምኩም።

ጀልባ በፈረስ ይጎተት በነበረበት ዘመን፣ በሩ ጋ ደርሰው እንዳይቆሙ ከባለጀልባው ቤተሰብ አንዱ በብስክሌት ቀድሞ ይሄዳል። በሩን አዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ ጀልባው ሲያልፍ ወደሚቀጥለው በር ይበራል። ማዞሪያዋን የያዘ፣ ተራው የእሱ ነው። ቲርዛ የምትባል ባለጀልባ ባሏን በጭጋግ ቀድመህ ሂድ ብላ ላከችው። እሱም ብስክሌቱም እስከ ዛሬ አልተገኙም። ጀልባዋን 83 ስር አስራ ጠበቀችው። በዚያው ክረምት ቦዩ በረዶ ሠራ፤ በረዶው ሲቀልጥ ጀልባዋ ውስጥ እንደተቀመጠች ሞታ አገኟት።

ከእኔ በፊት እዚህ የነበረው ሽማግሌው ጌዴዮን ሳሎው በሩን ሲያስረክበኝ ከሁሉ በፊት ያስጠናኝ ይህን ነው። "በሩ ተዘጋጅቷል ወይ ካለችህ፣ ክፍት ነው፣ ይለፉ በል። አትቁም። እኔ አየዋለሁ ብቻ እንዳትል።" ሳቅሁበት። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ጠይቃኛለች። ሁለቱንም ጊዜ ክፍት ነው ይለፉ ብያት ዞር ብዬ ሳላይ ሄጃለሁ። ለአንቺ ያልነገርኩሽ እንዳትስቂብኝ ብዬ ነው።

በ1962 አንድ አስተማሪ ነበር፣ እንዳንቺ ለሰው የሚያዝን። እሱም "አየዋለሁ" አላት። ማዞሪያዋን ሦስት ጊዜ ቦዩ ውስጥ ወረወራት፤ ሦስቱንም ጊዜ ጠዋት ደጃፉ ላይ አገኛት። ከዚያ በኋላ የሆነውን አልጽፍልሽም።

ያ ጭቃ ቦዩ ውኃ እንዳያፈስ ወለሉ የተለሰነበት ጭቃ ነው። ከቤትሽ እስከዚህ በር ሰባ አራት ማይል ነው። እባክሽ አትምጪ። ታመምኩ በዪ፣ እግሬ ተሰበረ በዪ፣ ሌላ ሰው ይምራቸው። ሚስቴን ቀብሬያለሁ፤ አንቺን ደግሞ አልችልም።

አምብሮዝ


ብሬንትፎርድ
ሜይ 25 ቀን 1987

ውድ አምብሮዝ፣

በስልክ ጮኼብህ ስለዘጋሁት ይቅርታ። በመጨረሻ እንዳልመጣ የለመንከኝን ሰምቻለሁ፤ መልሱ አይሆንም ነው።

መጀመሪያ ሳነበው አላመንኩህም። ሐዘን አናትህ ላይ ወጣ ብዬ ለሐኪምህ ልደውል ነበር። ከዚያ መቁጠሪያዋን አየሁ። ዛሬ ጠዋት የሌሊቱን ማይል አርባ ሦስት አድርሳዋለች። መዳፌ ጠቁሯል፤ የማሽን ቅባት ነው፣ በሳሙና አይለቅም። ባልመጣ የምተርፍ ይመስልሃል? ሰባ አራት ስትሞላ ብቻዬን፣ ማንም ሳያውቅ፣ በሌሊት ልብሴ እደርሳለሁ። እሱስ ከሚሆን፣ በጠራራ ፀሐይ ከአርባ ሰው ጋር፣ ለእህቴ ያልኳትን እየፈጸምኩ ብደርስ ይሻለኛል።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ዊሎውሚድ ሄጄ ነበር። የላቪኒያ አልጋ ላይ አንዲት የሠላሳ ዓመት ሴት ተኝታለች። "የብስክሌቷ ሴትዮ እርስዎ ነዎት? ሁላችንም እየጠበቅንዎት ነው" አለችኝ። ይህችን ሴት ምን ልበላት አምብሮዝ? አንዲት የሞተች ሴት ስለጠየቀችኝ ፈርቼ ቀረሁ ልበላት?

ፈርቻለሁ። በጣም ፈርቻለሁ። ግን እመጣለሁ።

ዊኒ


ስቶክሆሎው
ጁን 9 ቀን 1987

ውድ ዊኒ፣

በቃ፣ አሸንፈሽኛል፤ ነይ። ላቪኒያም ከአንቺ ጋር ተከራክሬ አልረታም ትል ነበር።

ሁሉንም አዘጋጅቻለሁ። ካርዱን አስተካክዬ አርባ አንድ ቅጂ ልኬልሻለሁ፤ ከ82 ቀጥሎ 84 ይላል። ሻዩ 84 ላይ ነው፤ የመንደሩ ሴቶች ያቀርቡታል፣ ሁሉንም በስማቸው አውቃቸዋለሁ፣ ሁሉም በሕይወት አሉ። በመካከል ማንም እንዳይቆም፣ ማንም ቢጠይቃቸው ክፍት ነው ይለፉ እንዲሉ ንገሪያቸው። የመንደሩ ልማድ ነው በያቸው፤ የለንደን ሰው ልማድ ሲሉት ምንም ያደርጋል።

አንድ ነገር ብቻ አድርጊልኝ። ማዞሪያዋን ጠቅልለሽ በአደራ ፖስታ ላኪልኝ። ውስጡ በእጅሽ ጽፈሽ "ለአምብሮዝ ፔክ ሰጥቻለሁ" የሚል ወረቀት ጨምሪበት። የጌዴዮን የወንድም ልጅ አሮጌ የቦይ ዕቃ ይሰበስባል፤ ሊያያት ይፈልጋል። ከማን እጅ እንደመጣች መመዝገብ ይወዳል፣ ሌላ ምክንያት የለውም።

የላቪኒያን ብስክሌት ከጎተራ አውጥቼ ካቴናውን ቅባት ቀባሁት። ፍሬኑ አሁንም ይንጫጫል። ለጉልበቴ ጥሩ ነው ብለውኛል።

አምብሮዝ


ብሬንትፎርድ
ጁን 22 ቀን 1987

አምብሮዝ፣

የት ነህ? አሥር ጊዜ ደወልኩ፣ አታነሳም።

ደርሰናል። አርባ አንዳችንም ደርሰናል፣ ሁለት ጊዜ ቆጠርኳቸው። ቄሱ ሦስት ካላማዳሪያ ፈነዳበት፤ የተናገረውን ቃል ከዚህ ወዲያ መስበኪያው ላይ ሲወጣ አልረሳውም። ትናንት ከዊሎውሚድ ደውለው ሞልቷል፣ አንዘጋም አሉኝ። ስልኩን ይዤ አለቀስኩ። መጀመሪያ የምነግረው አንተን ነበር።

82ን ካለፍን በኋላ ዓይኔን ከጎማዬ ላይ አላነሳሁም። ድልድይ አልነበረም፤ ሣር ብቻ ነው። ማንም አልጠየቀኝም። ያንተ በር ጋ ስደርስ ግን የታችኛው መዝጊያ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ውኃው ዝቅ ብሏል፣ የወረደ ጀልባ ግን አይታይም። ኮትህ መዝጊያው ላይ ተሰቅሏል። ቤትህ ክፍት ነው፤ ሻይ ቀድተህ አልጠጣኸውም። የላቪኒያ ብስክሌት የለም። ነርሶቹ "ምን ሆነሽ ነው የቆምሽው?" እያሉ ከኋላዬ ሲንጫጩ ሃያ ደቂቃ ጠራሁህ።

ያቺን ብረት ከላክሁልህ ቀን ጀምሮ ጎማዬ ደረቅ ነው። መቁጠሪያዋ የሌሊቱን ማይል ሰባ ላይ አቁማለች። ገና ያኔ ሊገባኝ ይገባ ነበር። የሚሰበስብ የወንድም ልጅ የለም፣ አይደል? ጌዴዮን ሳሎው ወንድም እንዳልነበረው የመንደሩ ሴቶች ነገሩኝ። በገዛ እጄ ጽፌ ሰጠሁህ።

ፖሊሶቹ ነገ ቦዩን በመንጠቆ ያስሳሉ። እንደማያገኙህ አውቃለሁ። አንተ ክፉ፣ አንተ ውሸታም፣ ማን ለምኖህ ነው?

ዊኒ


(በእርሳስ የተጻፈ፤ ቀን የለውም፤ የፖስታው ማኅተም የጁላይ 24 ነው)

ውድ ዊኒ፣

ደብዳቤ ደርሶኝ አይደለም የምጽፍልሽ፤ አድራሻ የለኝም። ግን ምን እንደምትጠይቂኝ አውቃለሁና ልመልስልሽ። ካርዱን ያላነበብኩት እኔ ነኝ፤ ተራው የእኔ ነበር። አንቺን ከዚህ ላስወጣሽ የምችልበት መንገድ ይኸ ብቻ ነበር። ዊሎውሚድ እንደማይዘጋ ከአንድ ጋዜጣ ቁራጭ ላይ አነበብኩ። ጎበዝ።

በሩን አንድ ጊዜ ካዘጋጀሁላት አመስግናኝ የምትሄድ መስሎኝ ነበር። ጠዋት ውኃውን ሞልቼ፣ መዝጊያውን ከፍቼ ቆምኩ። ጀልባዋ ያለፈረስ፣ ያለ ድምፅ ገባች። ዝቅ አደረግኋት። አመሰገነችኝ፣ እውነት ነው፣ ጥሩ ሴት ናት። ከዚያ "የሚቀጥለውስ ተዘጋጅቷል ወይ?" አለችኝ። ማዞሪያዋ እጄ ላይ ነበረች።

በቀን አንድ በር ነው የምንወርደው። ይኸኛው ሠላሳ አምስተኛዬ ነው። አልራበኝም፣ ጉልበቴንም አያመኝም፤ ሰዎች በአጠገቤ ያልፋሉ፣ ደወል ይደውላሉ፣ አያዩኝም። ከፊት ለፊቴ በጭጋግ ውስጥ አልፎ አልፎ ሌላ ብስክሌት አያለሁ፤ ልደርስበት አልቻልኩም። የሚከብደው ሌላ ነው። ነገሮች ከእጄ እየወጡ ነው። ትናንት የሚስቴን ስም ለማስታወስ ከአንዱ በር እስከ ሌላው ፈጀብኝ። ያንቺን ፖስታው ላይ እጽፈዋለሁ ብዬ አጥብቄ ይዤዋለሁ።

አሁን ስሚኝ። የመጨረሻው በር ከቤትሽ ሁለት መቶ እርምጃ ነው። ኦገስት ሲጋመስ እንደርሳለን። አንድ ሰው ደጅሽን አንኳኩቶ በሩ ተዘጋጅቷል ወይ ይልሻል። እሷ ላትሆን ትችላለች፤ ቀድሞ የሚመጣው እኔ ነኝ። ስምሽን ላላውቀው እችላለሁ። ልብሴ ረጥቦ፣ ደክሞኝ፣ እንደ ባዕድ አይሽ ይሆናል። አንቺን አውቅሻለሁ፤ "ግባና አረፍ በል፣ እኔ አየዋለሁ" ልትዪኝ ነው። እንዳትዪኝ። ክፍት ነው፣ ይለፉ በዪኝና በሩን ዝጊብኝ።

አምብሮዝ